ነጻ የጥለትና የሐረግ ሥዕሎች ጥቅል፦ ለጋራ ዕቅዳችን የተደረገ ውይይት

አስተባባሪ፣ ሰኔ 4
ውድ የማኅበራችን አባላት፣ በእጃችን ያሉትን የጥለት፣ የሐረግ (የብራና ጌጥ) እና የአደይ አበባ ሥዕሎች ለፈለገ ሁሉ በነጻ እንድንሰጥ ባለፈው ስብሰባ ተስማምተናል። የቀረን እንዴት እንደምንሰጥ መወሰን ነው። ፋይሎቹ በየአባሉ ኮምፒውተር ተበትነዋል። ለሠርግ ጥሪ፣ ለእንቁጣጣሽ ካርድ፣ ለልጆች መጽሐፍ የሚፈልጋቸው ብዙ ሰው ቢሆንም የሚያገኛቸው እኛን የሚያውቅ ብቻ ነው። የእኔ መነሻ ሐሳብ ሁሉንም በአንድ ዚፕ ፋይል ማሰባሰብና ካርድ ሠሪዎች ለዐዲስ ዓመት እንዲደርስላቸው እስከ ነሐሴ 15 ማውጣት ነው። አስተያየታችሁን ጨምሩበት፤ ለሥራ አመራር ኮሚቴው የሚቀርበውን ጽሑፍ ከዚህ ውይይት አወጣዋለሁ።

የማተሚያ ቤት ሠራተኛ፣ ፒያሳ
ሐሳቡ መልካም ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ፋይሉ ከእጃችን ከወጣ በኋላ የሚደርስበት ነው። በጥር ወር አንዲት ሙሽራ የወደደችውን ጥለት በስልኳ ይዛ መጣች። የእኛው አባል ሥራ መሆኑን ገና ሳየው ዐወቅሁት። ነገር ግን በቴሌግራም እንደ ፎቶ እየተላከ ከሰው ወደ ሰው ስለተላለፈ ግልጽ መደብ ወደማይዘው የፎቶ ፋይል፣ ወደ ጄፔግ፣ ተቀይሯል፤ ከኋላው ያለውን ቀለም ያሳይ የነበረው ግልጽ መደብ ነጭ ሆኗል፣ የክሮቹ ጠርዝም ተበልቷል። የካርዱ ቀለም ደግሞ ወይን ጠጅ ነበር። ነጩን ሣጥን ለማንሣት እያንዳንዷን ቅርጽ ዙሪያዋን እየከበብሁ እስከ እኩለ ሌሊት ተቀመጥሁ። ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ግን ማን እንደሠራው የሚናገር አንድም ቃል አብሮት አለመኖሩ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። እያንዳንዱ ሥዕል በኤስቪጂ፣ ማለትም ሥዕልን በነጥብ ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ በሚያስቀምጥ ፋይል፣ ይኑር፤ ሦስት ሜትር ባነር በኢንች 100 ነጥብ ብቻ እንኳ ቢታተም ከ11,800 ነጥብ በላይ ወርድ ይፈልጋል፣ ኤስቪጂ ግን የቱንም ያህል ቢለጠጥ አይደበዝዝም። ኤስቪጂ መክፈት ለማይችል ሰው ደግሞ መደቡ ግልጽ የሆነ ፒኤንጂ (በነጥብ የተሠራ የሥዕል ፋይል)፣ ለኤ4 ወረቀት የሚበቃ 2480 በ3508 ነጥብ፣ አብሮ ይቀመጥ። ሦስተኛው ስለ ጥለቱ መጋጠሚያ ነው። ጥለት ተደጋጋሚ ስለሆነ የግራው ጠርዝ ከቀኙ ጋር በትክክል ካልገጠመ በቀሚሱ ሥዕል ዙሪያ ስንጥቅ ይታያል። ከሰበሰብናቸው ውስጥ ሦስቱ እንዲህ ያለ ችግር አለባቸው፤ ለማስተካከል እኔ ዝግጁ ነኝ።

አባል፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ
እኅቴ ያነሣሽው ሁሉ ልክ ነው። ከኮምፒውተሩ በኩል የማውቀውን ልጨምር። በዚፕ ውስጥ የፋይል ስሞችን በአማርኛ አንጻፍ። የቀድሞው የዚፕ አሠራር የእኛን ፊደል አያውቅም፤ ስሞች በዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት ሁሉ በሚይዘው የኮምፒውተር አጻጻፍ) መጻፋቸውን የሚያመለክተው ምልክት በደንቡ የገባው በ2006 ነው፣ ምልክቱን የማያነቡ የቆዩ ኮምፒውተሮችም ዛሬ በሥራ ላይ አሉ። «ጥለት» ብለን የላክነው እዚያ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆናል። የፋይሉን ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር አሳጥረን፣ የአማርኛውን ስም በኤስቪጂው ውስጥ በርዕሱ ቦታ እንጻፈው። እዚያ አይበላሽም።

ክሪታ የተባለውን ነጻ የሥዕል ፕሮግራም ለሚጠቀሙ ሠዓሊዎች ደግሞ ከዚፑ ሌላ አንድ የሚቀል መንገድ አለ። ክሪታ ብሩሾችን፣ የመደብ ቅጦችንና የቀለም ገበታዎችን በአንድ ፋይል ይቀበላል፤ ተጠቃሚው ያንን አንድ ፋይል ካስገባ ሁሉም በየቦታው ይገባለታል። በየአቃፊው እየዞሩ መገልበጥ ይቀራል። የሠሪው ስምና ፈቃዱም በዚያው ፋይል ውስጥ ተጽፎ ይሄዳል።

የቀለም ገበታውን ጊምፕ የተባለው የሥዕል ፕሮግራም በሚጠቀምበት ዐይነት እናስቀምጠው፤ ጊምፕም፣ ኤስቪጂ የሚሠራበት ኢንክስኬፕም፣ ክሪታም ያነቡታል። ተራ ጽሑፍ ነው፦ በእያንዳንዱ መስመር ከ0 እስከ 255 የሆኑ ሦስት ቁጥሮች፣ ከዚያም የቀለሙ ስም። ለምሳሌ «255 204 0 የአደይ ቢጫ»። ቀለሞቻችንን በራሳችን ቋንቋ ሰይመን መስጠት መቻላችን እኔን በጣም ደስ ይለኛል።

መምህርት፣ ባሕር ዳር
ተማሪዎቼ ኢንተርኔት በሌለው ክፍል ነው የሚሠሩት። ጥቅሉ በፍላሽ ገብቶ፣ ከዚያ በኋላ ምንም ነገር ማውረድ ሳያስፈልግ መሥራት አለበት። ስለዚህ ጽሑፍ ያለባቸው ሥዕሎች ላይ ፊደሉ ወደ ቅርጽ ይቀየር፤ አለበለዚያ የግእዝ ፊደል ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለው ባዶ ሣጥን ሆኖ ይወጣል። ጽሑፉን ማረም ለሚፈልግ ደግሞ ያልተቀየረው ቅጂ ከፊደሉ ጋር በአንድ አቃፊ ይግባ። «አቢሲኒካ ሲል» የተባለው የኮምፒውተር ፊደል በነጻ ፈቃድ የወጣ ስለሆነ የፈቃድ ጽሑፉን አያይዘን ማካተት እንችላለን።

ሌላው ፍለጋ ነው። አንዱ ተማሪ «ሐረግ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ሀረግ»፤ ኮምፒውተሩ ሁለቱን አንድ አድርጎ አያይም። በማውጫው ላይ ሁለቱም አጻጻፍ ይግባ። ማውጫው ሥዕሎቹን በትንሽ በትንሹ የሚያሳይ አንድ ገጽ ቢሆን ልጆቹ ሃምሳ ፋይል እየከፈቱ አይፈልጉም።

ሠዓሊ፣ አንጋፋ አባል
ልጆቼ፣ ስለ ፋይሉ የምትሉት የእናንተ ዕውቀት ነው፤ እቀበላለሁ። በፈቃዱ ላይ ግን ዝም አልልም። «ለንግድ አይውልም» የሚል ቃል ይግባበት። የደከምሁበትን ሐረግ ሌላው ሸጦ ሲከብር ማየት አልፈልግም።

የብራና ሐረጎችን በተመለከተም አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ከፎቶግራፍ ላይ አትገልብጡ፤ ፎቶግራፉን ያነሣው ወገን የራሱ ገደብ ሊኖረው ይችላል። ዐይታችሁ በእጃችሁ ሣሉት፣ የየትኛውን ገዳም ብራና አይታችሁ እንደሣላችሁም ጻፉ።

አስተባባሪ፣ ሰኔ 7
ጋሼ፣ አደራውን እንዳለ በዕቅዱ አስገባዋለሁ። ስለ ፈቃዱ ግን አንድ ጊዜ ይስሙኝ። ለንግድ አይውልም ካልን መጀመሪያ የምንከለክላት ይህችኑ የማተሚያ ቤት እኅታችንን ነው፤ ካርድ ሸጣ ነው የምትኖረው። በእንቁጣጣሽ መንገድ ዳር ካርድ የሚሸጠው ልጅም ይከለከላል። ዴቢያንን የመሰሉ ነጻ የሶፍትዌር ስብስቦችም እንዲህ ያለ ገደብ ያለበትን ሥራ በዋናው ስብስባቸው ውስጥ አይቀበሉም።

ፈቃድ መስጠት ደግሞ ባለቤትነትን መተው አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው በሕይወት ዘመንዎና ከዚያም በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። እኔ የማስበው ለነጻ ሥራዎች ዝግጁ ፈቃዶችን የሚያወጣውን የክሪኤቲቭ ኮመንስን «ስም ጠቅሶ መጠቀም» 4.0 ፈቃድ ነው፤ መሸጥም መለወጥም ይቻላል፣ የሠሪውን ስም መተው ግን አይቻልም። ሳልነግርዎ የማላልፈው ነገር፣ ይህ ፈቃድ አንዴ ከተሰጠ ተመልሶ አይነሣም። ስለዚህ ያልወሰኑበትን ሥራ አያስገቡ።

ሠዓሊ፣ አንጋፋ አባል
ስሜ የማይቀር ከሆነ ጥለቶቹንና ሐረጎቹን እሰጣለሁ። የሰው ፊት ያለባቸው ሥዕሎቼ ግን ይቆዩ። ስሙም በአንድ ወረቀት ላይ ብቻ አይሁን፤ ወረቀቱ ከሥዕሉ ሊለይ ይችላል።

አስተባባሪ፣ ሰኔ 9
የጋሼ የመጨረሻ ቃል የዕቅዱ ዋና ነጥብ ሆኗል። ለኮሚቴው የሚቀርበው ጽሑፍ ይህ ነው፦

«ማኅበሩ የጥለት፣ የሐረግና የአደይ አበባ ሥዕሎችን የመጀመሪያ እትም እስከ ነሐሴ 15 በአንድ ዚፕና በአንድ የክሪታ ጥቅል ያወጣል። እያንዳንዱ ሥዕል በኤስቪጂና መደቡ ግልጽ በሆነ ፒኤንጂ ይቀርባል። የሠሪው ስም፣ ፈቃዱና የሥዕሉ ምንጭ በእያንዳንዱ ኤስቪጂ ውስጥ ይጻፋል፤ ፒኤንጂውም የሠሪውን ስም በፋይል ስሙ ይይዛል። የአማርኛ መመሪያ፣ ባለ ሥዕል ማውጫ፣ የቀለም ገበታና ፊደል ይካተታሉ። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲላክ መመሪያው በመጀመሪያው መስመር ያሳስባል። ሥዕል ሲታረም ሌላ የእትም ቁጥር ይሰጠዋል፤ የቀድሞውም አይሰረዝም።»

መጋጠሚያቸው ያልተስተካከለውን ሦስት ጥለቶች የማተሚያ ቤት እኅታችን፣ የክሪታውን ጥቅል የሲልቨር ስፕሪንግ ወንድማችን ይዘዋል። መመሪያውን እኔ እጽፋለሁ። የመጫን ሙከራው ሰው ይፈልጋል።

መምህርት፣ ባሕር ዳር
ሙከራውን ለእኔ ስጡኝ። ከክፍሉ ኮምፒውተሮች ሁለቱን፣ አንዱን እጅግ ያረጀውን፣ መርጬ መመሪያውን ብቻ ለሁለት ተማሪዎች ሰጥቼ ዝም ብዬ አያለሁ። የተቸገሩበትን ቦታ በዚያው ቀን እጽፍላችኋለሁ።