«ማዕረጉን ይዞ ይማራል» ማለት ምን ማለት ነው?

ነጸብራቅ፦ ትናንት እዚህ መድረክ ላይ አንድ ሰው ስለ እንግሊዝና ዌልስ ፖሊስ ፈጣን የአመራር ሥልጠና፣ ማለትም አዲስ ገቢን ረጅም ዓመት ሳይቆይ ለአለቃነት ማዕረግ ስለሚያበቃው መንገድ፣ «ላመልክት ወይስ ይቅርብኝ?» ብሎ ሲጠይቅ «ምን ያስፈራል? ያመልክት፣ ማዕረጉን ይዞ ይማራል» የሚል መልስ አየሁ። በጣም አናዶኛል። ክስ ያልተመሠረተበትን ታሳሪ ጉዳይ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ውስጥ፣ ከዚያም በየ9 ሰዓቱ እየከለሰ በእስር መቆየት እንዳለበት የሚወስነው ኢንስፔክተር፣ ማለትም ከሳጅን በላይ ያለው አለቃ ነው። ክለሳው ካለፈበት እስሩ ሕገወጥ ይሆናል። ታሳሪው የማንም መለማመጃ አይደለም።

የማታ ፈረቃ፦ እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ አሁንም እደግመዋለሁ። የ1984ቱ (እ.ኤ.አ.) የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ ሰዓቱን ቆጥሮ አስቀምጦታል። ያነበበ ይሠራዋል።

ነጸብራቅ፦ ሰዓት መቁጠር ሌላ፣ መከለስ ሌላ። ከላሹ በምርመራው እጁን ያላስገባ መሆን አለበት፤ ታሳሪው ካልተኛ እሱን፣ ጠበቃም ካለው ጠበቃውን ይሰማል። መርማሪው «የካሜራውን ምስል ገና አላየነውም» ሲለው «6 ሰዓት ሙሉ ምን ስትሠሩ ነበር?» ብሎ ማፋጠጥ አለበት። ራሱ ምስል ሰብስቦ የማያውቅ ሰው ግን ምክንያቱ እውነት ይሁን ስንፍና በምን ይለየዋል? ዝም ብሎ ይፈርማል።

ሳሮን፦ ሁለት ነገር እየቀላቀላችሁ ነው። በ2014 የተጀመረው ከውጭ ሰው አምጥቶ በ18 ወር ሱፐርኢንቴንደንት (ከኢንስፔክተርም በላይ) ማድረግ ነበር። በኮንስታብልነት፣ ከታችኛው ማዕረግ ጀምሮ በፍጥነት መውጣት ግን ሌላ መንገድ ነው። አመልካቹ ፎርሙን ከመሙላቱ በፊት ይጠይቅ፦ ለአስቸኳይ ጥሪ በሚወጣው ፈረቃ ስንት ወር እቆያለሁ? በጣቢያው የታሳሪዎች ማቆያ በሳጅንነት እሠራለሁ ወይስ እዘለዋለሁ? ምዘናውን ብወድቅ በየትኛው ማዕረግ እቀራለሁ? መልሱ በጽሑፍ ካልተሰጠው አይግባ።

የማታ ፈረቃ፦ ሳሮን እህቴ፣ እሱ ልክ ነው። ግን ታሪኩንም እዩት። የያኔው የለንደን ፖሊስ ኮሚሽነር ሎርድ ትሬንቻርድ በ1934 ሄንደን በተባለው ስፍራ የመኮንኖች ኮሌጅ ሲከፍት ተመሳሳይ ጩኸት ነበር። ከዚያ የወጣው ጆሴፍ ሲምፕሰን በ1958 የለንደን ፖሊስ ኮሚሽነር ሆነ።

ነጸብራቅ፦ ሲምፕሰንን ለእኔ ተውልኝ! ሄንደን ከመግባቱ በፊት በ1931 ኮንስታብል ሆኖ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ጎዳናውን፣ ቀጥሎ ማዕረጉን። ይኼ የእኔ ክርክር ነው።

የማታ ፈረቃ፦ 3 ዓመት ገደማ ነው እንጂ 15 ዓመት መቼ ቆየ? ፈጣን ማለት ይኼው ነው።

በርናባስ፦ ስለ ኪስ ማንም አላነሳም። ኢንስፔክተር የትርፍ ሰዓት ክፍያ የለውም። ሳጅኑ ለተጨማሪ ሰዓቱ ይከፈለዋል፤ አለቃው እኩል አምሽቶ ባዶ እጁን ይወጣል። ትዳርና ልጅ ያለው ሰው ይህን አስልቶ ይግባ።

ሳሮን፦ ለገንዘብ የሚያመለክት ከመጀመሪያውም ባያመለክት ይሻላል።

በርናባስ፦ ቤት ኪራይ በፍቅር አይከፈልም እህቴ።

ነጸብራቅ፦ ከርዕሱ አትውጡ። በ1994ቱ የወንጀል ፍትሕና የሕዝብ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 60 መሠረት አንድ ኢንስፔክተር አንድን አካባቢ ለይቶ እስከ 24 ሰዓት ድረስ፣ ግለሰቡን የሚያስጠረጥር ነገር ባይኖርም ሰው አስቁሞ መፈተሽን ይፈቅዳል። ከባድ የኃይል ጥቃት ይደርሳል ብሎ ለማመን ምን እንደበቃው የሚጠየቀው እሱ ነው። ሠፈሩን በእግሩ ያልዞረ ሰው ድንበሩን ከየት እስከ የት ያሰምራል? የማታ ፈረቃ፣ ይህንንም «ይዞ ይማራል» ትለኛለህ?

የማታ ፈረቃ፦ አጠገቡ የሠፈሩን ሳጅን አስቀምጦ፣ አዎ።

ነጸብራቅ፦ እንግዲያው ማዕረጉን ለሳጅኑ ስጡት።