ለቀላል የሪቮልቨር ዒላማ ጥይት የትኛውን ቀለህ፣ የትኛውን ባሩድ ልምረጥ?

የአውሮራው ጀማሪ ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ከአራት ወር በፊት ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 686 ገዛሁ፤ 357 ማግነም የሚተኩሰውን። የማግነም ጥይት ግን እጄን ይመታኛል። ከአምስተኛው ተኩስ በኋላ ምላጭ ስስብ ዓይኔን መጨፈን ጀመርኩ። ባለቤቴ አንዴ ተኩሳ «ሁለተኛ አልነካውም» አለች። እዚያው ሽጉጥ ውስጥ የሚገባውን አጠር ያለና ለስለስ ያለ ጥይት፣ 38 ስፔሻልን፣ አስገብተን ስንሞክር ሁለታችንም ደስ አለን። የምንፈልገው ቅዳሜ ቅዳሜ ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ ቦታ) ሄደን ወረቀት ላይ መተኮስ ብቻ ነው።

አሁን ጥይቱን ራሴ ልሞላ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራውን ፕሬስ (የጥይት መሙያ መሣሪያ) ገዝቻለሁ። ፕራይመር (ባሩዱን የሚለኩሰው) አለኝ፤ አረሩም ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነው ክብደቱ 148 ግሬን የሆነ ዋድከተር ነው፣ ለስላሳ እርሳስ። ሬንጅ ላይ የማውቀው ሰው አንድ ባልዲ ቀለህ ሰጠኝ። ባልዲው ውስጥ የሌለ የለም፤ 38 አለ፣ 357 አለ፣ ነጭ ኒኬል የተለበጠ አለ፣ አሉሚኒየም የሚመስልም አይቻለሁ። የትኛውን ልያዝ? ባሩዱስ? ሱቅ ብጠይቅ ሦስት ሻጮች ሦስት የተለያየ ስም ነገሩኝ።

ባለጋራዡ መለሰ፦

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። እኔ ቨርጂኒያ ነኝ። ጋራዤ ውስጥ ጥይት መሙላት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ አንተ የምትፈልገው ዓይነት ቀላል 38 ነው።

ባልዲውን አሮጌ አንሶላ ላይ ገልብጠው። አሉሚኒየሙን አውጣ፤ እጅህ ላይ ሲሆን ቅልል ይላል። ማግኔት የሚስበው ካለ ብረት ነው፣ እሱንም አውጣ። አፋቸው የተሰነጠቀውን ጣል። የ357ቱን ቀለህ ለብቻው አስቀምጥ፤ ከ38ቱ በሦስት ሚሊሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። ሁለቱን ደባልቀህ ከሞላህ ክሪምፕህ (የቀለሁን አፍ አረሩ ላይ የሚያጠብቀው) አንዱን ይጨፈልቃል፣ ሌላውን ሳይነካው ያልፋል። ለቀላል ጥይት ደግሞ ውስጡ ጠበብ ያለው 38ቱ ይሻላል።

ከዚያ ታቹ ላይ በተጻፈው የፋብሪካ ስም ለያይ። አድካሚ ነው፤ እኔ እግር ኳስ እያየሁ ነው የምሠራው። ግን ዋጋ አለው። ዋድከተር ቀለሁ ውስጥ እስከ አፉ ጠልቆ ነው የሚቀመጠው። የቀለሁ ግድግዳ ወደ ታች ቶሎ የሚወፍር ከሆነ አረሩ የሚያርፍበት ቦታ ያብጣል፣ ለስላሳው እርሳስም ይጨመቃል። ለዋድከተር ተብሎ የተሠራ ቀለህ ግድግዳው እስከ ጥልቅ ድረስ ቀጭን ነው። ባልዲህ ውስጥ ካገኘህ እንደ ወርቅ ያዘው። ኒኬል የተለበጠው ያምራል፣ ሲሊንደር (ጥይቱ የሚቀመጥበት የሽጉጡ ተሽከርካሪ ክፍል) ውስጥም ሸርተት ብሎ ይገባል። ግን አፉ ቶሎ ይሰነጠቃል።

አሁን ዋናው ነገር። 38 ስፔሻል የተወለደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ለጥቁር ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ ቀለሁን ይሞላዋል። የዛሬው ፈጣን ባሩድ ግን ታቹን ሸፈን አድርጎ ነው የሚቀረው፣ የቀረው ባዶ ነው። ስለዚህ ተዘንግተህ ሁለት ጊዜ ብትጨምርበት አይፈስም። አረሩም ከላይ ይገባል። ሽጉጥ የሚፈነዳው እንዲህ ነው። ሰው ቀላል ጥይት ሲባል አደጋ የሌለው ይመስለዋል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ይኸው ባዶ ቦታ ነው።

ከባሩዶቹ ቡልስአይ ለዒላማ ከመቶ ዓመት በላይ የተመሰገነ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ታይትግሩፕም ጥሩ ነው፣ ባሩዱ ወደ ፊት ይተኛ ወደ ኋላ ብዙ አይለዋወጥም። ሁለቱም ግን ቀለሁ ውስጥ የሚይዙት ቦታ ትንሽ ነው። ትሬይል ቦስ ቀለበት ቀለበት እየመሰለ ቀለሁን ደህና ይሞላል፣ ለጀማሪ ተመራጭ ነበር፤ ዛሬ ሱቅ ውስጥ ማግኘት ግን ከባድ ነው። እኔን ከጠየቅኸኝ ሬድ ዶት ያዝ። ሰፋ ሰፋ ያለ ገለባ መሳይ ስለሆነ ከእነዚያ ሁለቱ የበለጠ ቦታ ይይዛል፣ ዓይንህ ያየዋል። መጠኑን ከእኔ አትውሰድ። ባሩዱን የሚሠራው ድርጅት ካሳተመው ሠንጠረዥ፣ የራስህን አረር ፈልገህ አንብብ።

በ2017 እኔ ላይ የደረሰውን ልንገርህ። ባሩድ እየጨመርኩ ስልክ ተደወለ። አንስቼ ተመለስኩ፣ የቀረሁበት መስሎኝ ቀጠልኩ። ቅዳሜ ሬንጅ ላይ አንዱ ተኩስ «ጡፍ» ብሎ ቀረ። ሁለተኛ ልስብ ስል አጠገቤ ያለው ሰው እጄን ያዘኝ። ሽጉጡን ባዶ አድርገን በትር ስናስገባ አረሩ አፈሙዙ መሃል ቆሟል። ቀለሁ ባሩድ አልነበረውም፣ የገፋው ፕራይመሩ ብቻ ነው። ሰውዬው ባይኖር ሌላ ጥይት ከኋላው እልክበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኬ ማዕድ ቤት ነው የሚቀመጠው። ሃምሳ ቀለህ መደርደሪያው ላይ አቆማለሁ፤ አረር ከመንካቴ በፊት በባትሪ ሃምሳውንም አንድ በአንድ ከላይ አያለሁ።

የዴንቨሯ መለሰች፦

ጎረቤትህ ነኝ። ጋሼ ባሉት ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። በመዳብ የተሸፈነ አረር በርካሽ ብታገኝ ለዚህ አትጠቀምበት። አፈሙዝ ውስጥ ከእርሳስ ይልቅ ስለሚከብደው በደካማ ባሩድ ተቀርቅሮ ሊቀር ይችላል። ሁለተኛው እርሳሱ ነው። እኛ ቤት ትንንሽ ልጆች አሉ። አረር ነክቼ እጄን በሳሙና ሳልታጠብ እንጀራ አልነካም፤ ሬንጅ የለበስኩትንም ከእነሱ ልብስ ጋር አላጥብም። ያገለገለ ቀለህ ስታጸዳ አቧራው መርዝ ነው፣ ልጆች አጠገብ አታድርገው።

የአውሮራው ጀማሪ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ማታ ከባለቤቴ ጋር ባልዲውን ገልብጠን ለየነው። 38ቱ 231 ሆነ። ከአንድ ፋብሪካ የሆነው 88 ነው፣ በሱ ልጀምር። ሬድ ዶትም አገኘሁ። ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ለባለቤቴ ይበልጥ እንዲለሰልስ ከሠንጠረዡ ትንሹ ቁጥር በታች ብወርድስ?

ባለጋራዡ፦

አይሆንም ልጄ። ትንሹ ቁጥር የተጻፈው በምክንያት ነው፤ ከሱ በታች አረሩ አፈሙዙ ውስጥ ተቀርቅሮ ሊቀር ይችላል፣ እኔ ላይ እንደ ደረሰው። እዚያው ትንሹ ቁጥር ላይ ጀምር። 686 ከባድ ሽጉጥ ስለሆነ በዋድከተር ብዙም አይነቃነቅም። አሁንም ካስቸገራት እጀታውን ለእጇ በሚመች ወፍራም ጎማ ቀይርላት። እና ከተኮሳችሁ በኋላ ሲሊንደሩን በብሩሽ እሹት፤ አጭሩ 38 ጥላሸቱን ቀለበት አድርጎ ይተዋል፣ በኋላ 357 አልገባም ይላችኋል። መጀመሪያ አሥር ብቻ ሙላ። አሥሩን ተኩሰህ ወረቀቱን አሳየን።