ጥቆማ፦ ለ45 የኢላማ ሽጉጥ የትኛው አረር ይሻላል? ሚዛንና ካሊፐርስ የት ልግዛ?

የለገጣፎው ባለ ቶርኖ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ለገጣፎ ትንሽ ቶርኖ ቤት አለችኝ። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ወንድሜ ጋ ሄጄ ሁለት ወር እቆያለሁ። እሱ የሽጉጥ ኢላማ ተወዳዳሪ ነው፤ እኔንም አስለምዶኛል። ሽጉጡ 45 የሚባለው ነው፤ የአረሩ ውፍረት 0.45 ኢንች ያህል ስለሆነ ነው። የሚተኮሰው በአንድ እጅ ነው፣ በ25 እና በ50 ያርድ፤ ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል። ጥይቱን ጋራዡ ውስጥ ራሳችን እንሞላዋለን። የተተኮሰውን ቀለህ እናጸዳለን፣ ፕራይመር (ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን) እንቀይራለን፣ ባሩድ እንመዝናለን፣ አረሩን እንገጥማለን። አረር ስል ከአፈሙዝ የሚወጣውን ክፍል ብቻ ማለቴ ነው። እዚህ ሽጉጥም ጥይትም የለኝም፤ ሁሉም እዚያው ነው ያለው።

እስካሁን የምንጠቀመው 230 ግሬይን ክብ አፍንጫ ነው፤ ግሬይን የአረር ክብደት መለኪያ ነው፣ አንዱ 0.065 ግራም ያህል። በ25 ያርድ ደህና ነው፤ በ50 ያርድ ግን ይበተንብኛል። ዘንድሮ መቀየር አስቤያለሁ። 185 ወይስ 200? እርሳስ ወይስ መዳብ የለበሰ? ደግሞ ጥሩ ሚዛንና ዲጂታል ካሊፐርስ (ውፍረት መለኪያ) ከዚሁ አካባቢ የት እንደሚገኝ ጠቁሙኝ።

የአያት ልጅ፦
ለቤት ጥበቃ ከሆነ ውሻ ይሻልሃል ወንድሜ። እኛ ሰፈር ሁለት ቤት ተሰርቆ ነበር፤ ውሻ ያለውን ቤት ግን ማንም አልነካውም። ሰንዳፋ መንገድ ላይ ቡችላ የሚሸጥ ሰው አለ፣ ከፈለግህ ላገናኝህ።

የለገጣፎው ባለ ቶርኖ፦
አመሰግናለሁ፤ ግን ለጥበቃ አይደለም፣ ለውድድር ነው።

ማር ከሰበታ፦
ስለ አረሩ አላውቅም። ሚዛኑን ግን ተጠንቅቀህ ግዛ የኔ ወንድም። እኔ ማርና ቅመም እያሸግኩ ነው የምሸጠው። ባለፈው ዓመት ለኮረሪማና ለጥቁር አዝሙድ እስከ 0.01 ግራም የሚመዝን ነው ተብዬ ስልክ ላይ ከሚሸጡት አንዱ ጋ አዘዝኩ። ገንዘቡን ቀድሜ ላክሁ። ዕቃው አየር ጤና ድረስ መጣልኝ፤ ሄጄ ተቀበልኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነበር። ከዚያ አንዱን ፓኬት ሦስት ጊዜ ስመዝነው ሦስት የተለያየ ቁጥር ይሰጠኝ ጀመር። ደንበኛ ፊት ነው ያፈርኩት። ለሻጩ ስደውል አንድ ቀን አነሳልኝ፤ በነጋታው ቁጥሬን ዘጋው። እስካሁን ሲቆጨኝ ይኖራል፤ የብሩ ነገር ሳይሆን የሰው አመኔታ ነው።

የቡራዩ፦
እኔንም እንዲሁ አድርገውኛል! የኔ የደም ግፊት መለኪያ ነበር። ለእናቴ ነው የገዛሁት። ቀድሞ ብር መላክ የሚባለው ነገር ይቅርብን።

ገላን ኮንዶ፦
እህቴ፣ ሚዛኑን የት ነበር ያስቀመጡት? መስኮት አጠገብ ከሆነ ንፋሱ ራሱ ቁጥሩን ያንቀሳቅሰዋል። ባትሪው ሲደክምም እንደዚያ ያደርጋል።

ማር ከሰበታ፦
ጓዳ ውስጥ ነው፣ መስኮት የለውም። ባትሪውንም ሁለቴ ቀይሬዋለሁ።

የሶማሌ ተራ ደንበኛ፦
ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ከሚሸጡት መካከል የኔ ደንበኛ አለ። ከአባቴ ጀምሮ ነው የምንገዛው። ካሊፐርስም ሚዛንም አለው። ዕቃው እዚያ ከሌለ ሌላ ቦታ የለም።

ገላን ኮንዶ፦
ከዚያ የገዛኸው ካሊፐርስ ትክክል ነው? ለክተህ አይተኸዋል?

የሶማሌ ተራ ደንበኛ፦
ከፋብሪካ መለኪያ ጋር ሳስተያየው 0.05 ሚሊሜትር ያጎድላል። እኔ ግን ለምጄዋለሁ፣ ደምሬ ነው የማነበው። ሰውየው ሐቀኛ ነው። አባቴ ሲሞት ሦስቱንም ቀን ድንኳን አልተለየም። ሌላ ጋ ሄጄ አልገዛም።

አንድ ሰው፦
ጥሩ ነው እንግዲህ። አሜሪካ የሚሄድ ሰው ሚዛን ከሶማሌ ተራ ይዞ ይሂድ። ሲመለስ ደግሞ ጤፍ ከዳላስ ያምጣልን።

የለገጣፎው ባለ ቶርኖ፦
ወንድሜ፣ መለኪያው ዓመቱን ሙሉ ለቶርኖ ሥራዬ ያስፈልገኛል። ሁለት ጊዜ ላለመግዛት ብዬ ነው።

ቶርኖ አቃቂ፦
የሙያ ወንድሜ፣ ለአረር ከሆነ ካሊፐርሱን ተወው፣ ማይክሮሜትር ግዛ፤ ከካሊፐርስ የረቀቀ ውፍረት መለኪያ ነው። ዲጂታል ካሊፐርስ 0.01 ሚሊሜትር ያሳያል እንጂ ልኩ እስከ 0.02 ወይም 0.03 ሊሳሳት ይችላል። ለ45 መዳብ የለበሰው አረር ውፍረቱ 0.451 ኢንች ነው፤ የእርሳሱ አብዛኛውን ጊዜ 0.452 ነው። ልዩነታቸው 0.025 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በካሊፐርስ ይሄን ለይቼ አወቅሁ ብትል ራስህን ታታልላለህ። ያገለገለ ጥሩ ማይክሮሜትር ምናለሽ ተራም ይገኛል፤ ግን ልኩ የታወቀ መፈተሻ ዘንግ ይዘህ ሂድና እዚያው ለካው።

የቡራዩ፦
አያቴ በውጅግራ ዘመን ቀለህ መልሰው ይሞሉ ነበር። እርሳሱን በብረት ማንኪያ አቅልጠው ነበር የሚያፈሱት። ማን መዘነላቸው? ግን ይመቱ ነበር።

የሱሉልታ ጡረተኛ፦
ልጄ፣ እስካሁን ጥያቄህን የመለሰ የለም። እኔ ኦሃዮ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። እዚያ ካምፕ ፔሪ የሚባል ቦታ አለ፤ ብሔራዊ የኢላማ ውድድር ከ1907 ጀምሮ ይካሄድበታል። እኔም ጥይቴን እየሞላሁ ተኩሼአለሁ። የማውቀውን ልንገርህ።

ሰው ሁሉ ክብደት ክብደት ይላል። ለሽጉጥ ዋናው የአረሩ መቀመጫ ነው፤ የኋላው ማለት ነው። ከአፈሙዝ በመጨረሻ የሚወጣው እሱ ነው። ጠርዙ ከተጎዳ ወይም ከተዛነፈ፣ ከኋላ የሚገፋው ጋዝ በአንድ በኩል ቀድሞ ያመልጥና አረሩን ያንገዳግደዋል። ሙሉ መዳብ የለበሰው አረር መዳቡ ከአፍንጫው ወደ ኋላ ስለሚሳብ መቀመጫው ላይ እርሳሱ ክፍት ሆኖ ይቀራል። አፍንጫው ክፍት የሆነው ግን በተቃራኒው ነው፤ መቀመጫው በመዳብ ተዘግቶ ጠፍጣፋና እኩል ይወጣል። ለ50 ያርድ 185 ግሬይን አፍንጫ ክፍት የሚወደደው ለዚህ ነው። ኖዝለርና ዜሮ የሚባሉት አምራቾች 185 በተወዳዳሪዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው።

ለ25 ያርድ 200 ግሬይን እርሳስ፣ አፍንጫው ቆረጥ ያለውን ውሰድ። ሄንስሊ ኤንድ ጊብስ ቁጥር 68 የሚባለው ቅርጽ የታወቀ ነው። ዋጋው ይቀንሳል፤ ወረቀቱንም በንጹሕ ክብ ይበሳል። ቀዳዳው ከፍ ያለ ነጥብ ያለውን ክብ መስመር ከነካ ከፍተኛው ነጥብ ስለሚያዝልህ ንጹሕ ቀዳዳ ይጠቅምሃል። ግን የእርሳስ አረር ከአፈሙዝህ ጋር ካልተስማማ ውስጡን እርሳስ ይለጥፍበታል፤ ከዚያ በኋላ መበተን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የአፈሙዙን ውስጥ ልክ እወቅ።

ደግሞ 5 ጥይት ተኩሰህ አትፍረድ። ከእያንዳንዱ ዓይነት 10፣ ሁለትና ሦስት ጊዜ፣ ሽጉጡ በማሽን መቆንጠጫ ታስሮ። በ50 ያርድ ኢላማው ላይ 10 ነጥብ የሚያሰጠው ክብ ስፋቱ 3.36 ኢንች ነው፤ 8.5 ሴንቲሜትር ገደማ። ሽጉጡ ታስሮ ከዚያ የሚበልጥ ከበተነ እጅህ ላይ አታሳብብ። ጥሩ ሆኖ ያገኘኸውን ደግሞ ከአንድ የምርት ቁጥር አብዝተህ ግዛ። የሌላው ምርት ስሙ አንድ ሆኖ ጠባዩ ሊለይ ይችላል።

የለገጣፎው ባለ ቶርኖ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መቀመጫውን አይቼው አላውቅም ነበር። እኔ አፍንጫውን ብቻ ነበር የማየው። ሚዛኑስ ታዲያ አያስፈልግም?

የሱሉልታ ጡረተኛ፦
ለአረሩ ብዙም አያስፈልግህም። 185 ግሬይን 12 ግራም ያህል ነው። አንድ ግሬይን፣ ማለትም 0.065 ግራም፣ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ በ50 ያርድ አታየውም። ለባሩዱ ነው ሚዛን የግድ የሚልህ። እስከ 0.1 ግሬይን መለየት አለበት፤ ያ ደግሞ 0.0065 ግራም ነው። የእህታችን ዓይነት 0.01 ግራም የሚመዝን ለባሩድ አይበቃም፤ አደጋም አለው።

ሌላም ነገር አለ። ዲጂታል ሚዛን እዚህ አስተካክለህ ዳላስ ብትወስደው ይሳሳታል። የምድር ስበት አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ያንሳል፤ ወደ ምድር ወገብ ቀርበናል፣ ከፍታችንም ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ልዩነቱ ከ1,000 እጅ 2 ያህል ነው። ስለዚህ እዚያ ስትደርስ በመፈተሻ ክብደት (ልኩ በታወቀ ብረት) እንደገና አስተካክለው። ካጣህ የአሜሪካ አምስት ሳንቲም ልክ 5 ግራም ነው፤ አዲሱን ተጠቀም።

ማር ከሰበታ፦
እኔስ ጋሼ? የኔ ሚዛን ሊድን ይችላል?

ገላን ኮንዶ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ለ20 ደቂቃ አብርተው ይተዉት፣ ይሙቅ። ስልክ አጠገቡ አያስቀምጡ። ከዚያ መፈተሻ ክብደት አስቀምጠው አምስት ጊዜ ይመዝኑት። በየጊዜው ተመሳሳይ ስህተት ካሳየ ይስተካከላል። በየጊዜው የተለያየ ካሳየ ግን ውስጡ ተበላሽቷል። እኔ ገላን ነኝ፤ ይዘውት ከመጡ አብረን እናየዋለን፣ ገንዘብ የለበትም።

የአያት ልጅ፦
ወንድሜ፣ ስትመለስ ግን አረርም ቀለህም ሻንጣህ ውስጥ እንዳይቀር። አንድ ፍሬም ቢሆን። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ፤ ያለ ፈቃድ ጥይት መያዝ ያስጠይቃል። የጃኬትህን ኪስ ሁሉ ፈትሽ። ይሄን ከልቤ ነው የምነግርህ።

የለገጣፎው ባለ ቶርኖ፦
ልክ ነህ። ወንድሜም ሁልጊዜ ከመነሳቴ በፊት ሻንጣዬን ያራግፈዋል። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነሐሴ መጀመሪያ እሄዳለሁ፤ ሞክሬ እነግራችኋለሁ።

የሶማሌ ተራ ደንበኛ፦
ከመሄድህ በፊት ደንበኛዬ ጋ ጎራ በል። ስሜን ከነገርከው ይቀንስልሃል።

የሱሉልታ ጡረተኛ፦
ልጄ፣ መስከረም ገባ። እንኳን አደረሰህ። 185ቱን ሞከርከው?

ማር ከሰበታ፦
ጋሼ፣ እሱ ሳይመለስ እኔ ልንገርዎት። ገላን ድረስ ወሰድኩት፣ ውስጡ ተበላሽቷል ተባልኩ። ኮረሪማውን አሁን የምመዝነው ጎረቤቴ ወርቅ ሠሪው ጋ እየሄድኩ ነው። ለራሴ የምገዛው ጥሩ ሚዛን የሚያውቅ ካለ፣ ወለቴ ወይም አለም ባንክ አካባቢ ቢሆን፣ እባካችሁ ጠቁሙኝ።