ልጄ አያቴ ጋ ልመለስ ትለኛለች፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁ። በተለይ ሴት ልጅ ብቻችሁን ያሳደጋችሁ እናቶች ምክራችሁን እፈልጋለሁ።

ዓምና ክረምት ላይ ከልጄ ጋር ከአጋሮ ጅማ ገባን። መንገዱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለእሷ ግን ሌላ አገር ሆነባት። እዚያ እናቴ ቤት ነበርን። ግቢው ሰፊ፣ ቡናው ደጃፍ ላይ። ገንዘብ የሚገኘው ግን ለቀማ ሲደርስ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እጅ ባዶ ነው። እዚህ መናኸሪያ አካባቢ ጀበና ቡና እሸጣለሁ። አንድ ክፍል ተከራይተናል። ኪራዩንም የትምህርት ወጪዋንም ሳልበደር እችላለሁ።

ልጄ 17 ዓመቷ ነው፣ 11ኛ ክፍል። ከመጣን ወዲህ አኩርፋኛለች። እራት ሳቀርብ «ጠግቤያለሁ» ትላለች፤ መብራት ሳጠፋ ተነስታ ድስቱን ስትከፍት እሰማለሁ። ከጓደኞቿ ጋር ስትመጣ ደግሞ ቡና በማፈላበት ላለማለፍ መንገድ ትሻገራለች። አንጀቴን የሚበላው ይሄ ነው።

አክስቷ እንድታናግራት አደረግኩ። የመለሰችላት «እማዬ ሳትጠይቀኝ ነው ያመጣችኝ፤ አያቴ ጋ ልመለስ» ብላ ነው። እሁድ ሥራ ትቼ አብረን እንድንወጣ ሞከርኩ፤ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ትውላለች። እናቴ «ላኪያት» ትለኛለች። ግን አቅሟ ደክሟል፤ ይህን የሚያህል ልጅ መከታተል አትችልም። የ12ኛ ክፍል ፈተናውም ሩቅ አይደለም።

እናንተ ብትሆኑ፣ ፈተናዋን እስክትጨርስ አያቷ ጋ ትልኳታላችሁ ወይስ እንዳኮረፈችም ቢሆን አጠገባችሁ ታቆዩዋታላችሁ?