በኮንቴይነር ቤት ውስጥ የኤሌክትሮማግኔቲክ ጨረርን ስለ መቀነስ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ጠያቂ፣ ከቱሉ ዲምቱ)

ጤና ይስጥልኝ። ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ በሚገኝ ግቢ ውስጥ ቦታ ተከራይቼ፣ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር አስቀምጬ፣ ከባለቤቴና ከስምንት ወር ልጃችን ጋር እኖራለሁ። ውስጡን በችፑድ አልብሰን ሁለት መስኮት አስቆርጠንለታል። ስፋቱ ከ2 ሜትር ከ40 ስለማይበልጥ፣ የትኛውንም ዕቃ ብናስቀምጥ ከአልጋችን አይርቅም።

ኤሌክትሪክ የምናገኘው ከአከራያችን ቆጣሪ 60 ሜትር ያህል በተዘረጋ መስመር ነው። ከዚያው ቆጣሪ ወደ ጎረቤታችን ብየዳ ቤት የሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች ደግሞ፣ አንዱ በኮንቴይነሩ ቀኝ ጠርዝ፣ ሌላው በግራ ጠርዝ ተለያይተው ያልፋሉ። በራስጌያችን የፍሪጅ ስታብላይዘር አለ፤ ከስታብላይዘሩ ላይ ሲም ካርድ የሚወስድ ራውተር ተቀምጧል። የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ከእኛ 120 እርምጃ ያህል ርቆ ያልፋል፤ የሞባይል ኔትወርክ ታወርም ከበራችን ፊት ለፊት ይታያል። በስልኬ ላይ የጫንኩት የማግኔት መለኪያ አፕ በአልጋው አጠገብ 70 ማይክሮ ቴስላ አሳየኝ፤ ይህ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ?

አንድ ነጋዴ ግድግዳውን በሙሉ በአሉሚኒየም ፎይል እንድለብጥ፣ በስልኮቻችን ጀርባም ጨረር ይከላከላል የተባለ ተለጣፊ እንድገዛ መክሮኛል። ደግሞም ባለቤቴ እንጀራ በምትጋግርበት ሰዓት፣ በተለይ ዝናብ ከዘነበ በኋላ፣ በባዶ እግሬ ቆሜ የበሩን እጀታ ስነካ ጣቶቼን ይነዝረኛል፤ ምጣዱ ሲጠፋ ይተወኛል። ይህ የጨረሩ ምልክት ይሆን? ከየት ልጀምር?

መልስ 1 (የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ከቃሊቲ)

ወንድሜ፣ ሌላውን ሁሉ ለጊዜው ይተዉትና ከበሩ እጀታ ይጀምሩ። የነዘረዎት ጨረር አይደለም፤ ጨረር ጣት አይነዝርም። በኮንቴይነሩ አካል ላይ ቮልቴጅ አለ ማለት ነው። መስመሩ ተመርምሮ እስኪስተካከል ድረስ ምጣዱን እንዳያበሩ፣ ልጁንም ከብረቱ አካል እንዲያርቁ አጥብቄ እለምንዎታለሁ።

ምጣዱ ሲበራ ብቻ መንዘሩ ትልቅ ፍንጭ ነው። ከፍሪጁ ወይም ከአንድ የተላጠ ፌዝ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ) የሚመጣ ፍሳሽ ቢሆን ኖሮ ምጣዱ ጠፍቶም ይነዝርዎት ነበር። ግምቴ እንዲህ ነው፦ መስመሩን የዘረጋው ሰው ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርደው የመከላከያ ሽቦ) ስላልነበረው፣ በሶኬቱ ውስጥ የግራውንዱን ጫፍ በአጭር ሽቦ ከኒውትራሉ (ከረንቱን ከሚመልሰው ሽቦ) ጋር አገናኝቶታል። ይህ በብዙ ቤት ያገኘሁት ጥፋት ነው። ያን ጊዜ የፍሪጁ ብረትና ብረቱ የነካው ኮንቴይነር በሙሉ የኒውትራሉ አካል ይሆናሉ። ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ስለሚወስድ፣ በ220 ቮልት መስመር 16 አምፔር ገደማ ይጎትታል። በ60 ሜትሩ መንገድ ላይ የላላ የኒውትራል መገናኛ ካለ፣ ይህን ሁሉ ከረንት ሲሸከም ይግላል፤ በእሱ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅም በኮንቴይነሩ ላይ ይታያል። ያ መገናኛ አንድ ቀን ጨርሶ ቢበጠስ፣ ፌዙ በምጣዱ ሽቦ በኩል አልፎ ሙሉውን 220 ቮልት በበራችሁ እጀታ ላይ ያስቀምጠዋል።

ይህ ከጥያቄዎ ውጭ የሆነ ጉዳይ እንዳይመስልዎት። ፌዝና ኒውትራል ጎን ለጎን ሲሄዱ፣ ከረንታቸው በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚፈስ የአንዱ የማግኔት መስክ የሌላውን ያጠፋል። ለብቻው የሚሄድ 16 አምፔር የተሸከመ ሽቦ በአንድ ሜትር ርቀት ላይ 3.2 ማይክሮ ቴስላ ይሰጣል፤ ያው ከረንት በአንድ ሴንቲ ሜትር ተራርቀው በሚሄዱ ሁለት ሽቦዎች ሲመላለስ ግን፣ በዚያው ርቀት 0.03 ገደማ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ከረንቱ በሽቦው ሄዶ በኮንቴይነሩ ብረት ወይም በውሃ ቧንቧ ሲመለስ፣ የነዘረዎትም፣ በአልጋዎ ዙሪያ መስኩን ያሰፋውም ያው አንድ ጥፋት ነው።

ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን በመንጋጋ አቅፎ ከረንቱን የሚለካ መሣሪያ) ያለው ባለሙያ ይጥሩ። ወደ ቤታችሁ በሚገባው ገመድ ፌዙንና ኒውትራሉን በአንድነት በመንጋጋው ውስጥ ያስገባቸው። ምጣዱ እየሠራ ንባቡ ዜሮ መሆን አለበት። ዜሮ ካልሆነ፣ የታየው ቁጥር በሌላ መንገድ የሚመለሰው ከረንት ነው። ይህን ፍተሻ ባለሙያው ብቻ ያድርገው፤ እርስዎ ሳጥኑን አይክፈቱ።

መልስ 2 (የፊዚክስ መምህር፣ ከአቃቂ)

ከላይ የተጻፈው ምክር ትክክል ነው፤ እኔ በቁጥሮቹ ላይ ብቻ ልጨምር። የስልኩ አፕ ያሳየዎት 70 ማይክሮ ቴስላ በአብዛኛው የመሬት የራሷ የማግኔት መስክ ነው። በእኛ አካባቢ ይህ ከ30 እስከ 40 ማይክሮ ቴስላ ሲሆን፣ የኮንቴይነሩ ብረት ያጣምመዋል፤ በአንድ ጥግ ከፍ፣ በሌላ ጥግ ዝቅ ያደርገዋል። ይህ የማይለዋወጥ መስክ ስለሆነ፣ በሴኮንድ 50 ጊዜ ከሚመላለሰው የኤሌክትሪክ መስመር መስክ ጋር አይነጻጸርም። የስልክ አፕም ለዚያኛው መለኪያነት አይታመንም። ለዚህ የሚሆነው በሦስቱም አቅጣጫ የሚለካ ጋውስ ሜትር ነው።

ዓለም አቀፉ አዮናይዝ ከማያደርግ ጨረር የመከላከያ ኮሚሽን (ICNIRP) በ2010 ለሕዝብ ያስቀመጠው ወሰን፣ በ50 ኸርትዝ 200 ማይክሮ ቴስላ ነው። በቤት ውስጥ፣ ከአንዳንድ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ጋር እጅግ ካልተጠጉ በቀር፣ ይህን የሚያህል አይገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግን በ2002 የዚህን ዓይነት የማግኔት መስክ ‹ምናልባት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል› በሚለው ምድብ አስቀምጦታል። መነሻው፣ አማካይ መጠኑ ከ0.3 ወይም ከ0.4 ማይክሮ ቴስላ በሚበልጥባቸው ቤቶች ባደጉ ሕፃናት ላይ በደም ካንሰር ረገድ የታየው የቁጥር ግንኙነት ነው። ድርጅቱ በ2007 ባወጣው ግምገማ፣ ማስረጃው መንስኤነቱን ለማረጋገጥ እንደማይበቃ ገልጾ፣ በአነስተኛ ወጪ መቀነስ ከተቻለ መቀነሱ ተገቢ መሆኑን አስፍሯል። እኔም የምይዘው ይህን ሚዛን ነው፤ ሽብር አያስፈልግም፤ ነገር ግን ስታብላይዘርን ከሕፃን ራስጌ ማንሳት ምንም ወጪ ስለማይጠይቅ ለምን ይቆያል?

ስታብላይዘሩ በውስጡ ትራንስፎርመር አለው፤ መስኩ በአጠገቡ ጠንከር ያለ ቢሆንም ርቀት ሲጨምር በፍጥነት ይሟሽሻል። አንድ ሜትር ተኩል ቢያርቁት በእጅጉ ይቀንሳል። ችፑዱም ሆነ የኮንቴይነሩ ብረት ይህን መስክ ያስቀረዋል ብለው አይመኩ፤ ብረቱ ጥቂት ያዳክመው እንደሆነ እንጂ አያግደውም። አሉሚኒየም ፎይል ደግሞ ለ50 ኸርትዝ የማግኔት መስክ ምንም አይፈይድም።

የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሩን በተመለከተ፣ የኤሌክትሪክ መስኩን ኮንቴይነሩ ራሱ ይከላከልላችኋል። የማግኔት መስኩ ከርቀት ጋር በእጅጉ ስለሚቀንስ፣ በ120 እርምጃ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በቤታችሁ ሽቦ ከሚመጣው ያንሳል። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ፣ ወደ ብየዳ ቤቱ ተለያይተው የሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች ናቸው። እናንተ በመካከላቸው ነው የምትተኙት፤ በሁለት ተራርቀው በሚሄዱ ሽቦዎች መካከል ደግሞ መስኮቹ ይደመራሉ እንጂ አይጠፋፉም።

መልስ 3 (በቴሌኮም ጥገና የሚሠራ፣ ከገላን)

ስለ ታወሩ፦ አንቴናው የሚልከው ወደ ፊት፣ ጥቂት ዲግሪ ወደ ታች ዘንበል ብሎ ነው። በእግሩ ሥር ያለው መጠን ዝቅተኛ ነው፤ ርቆ ያለውም በርቀቱ ይሳሳል። በኮንቴይነር ውስጥ ይበልጥ የሚያሳስበው በእጃችሁ ያለው ስልክ ነው። ብረቱ ሲግናሉን ስለሚያግደው፣ ስልኩ ታወሩን ለማግኘት ጉልበቱን ይጨምራል፤ በ2ጂ ላይ ሲሆን ከፍተኛው ምቱ እስከ 2 ዋት ይደርሳል፤ ሲግናሉ ሙሉ በሆነበት ቦታ ግን ከዚያ እጅግ ባነሰ ኃይል ይሠራል። ግድግዳውን በፎይል ብትለብጡት ይህን ታብሱታላችሁ። በዚያ ላይ የተላጠ ሽቦ ፎይሉን ቢነካው ግድግዳው በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ተለጣፊውንም አይግዙ፤ አንቴናውን የማይሸፍን ከሆነ ምንም አይሠራም፤ የሚሸፍን ከሆነ ስልኩ በበለጠ ኃይል እንዲልክ ያደርገዋል።

ራውተሩን ከራስጌ አንሥታችሁ፣ ታወሩ በሚታይበት መስኮት ላይ አስቀምጡት። እዚያ ሲግናሉ ስለሚጠነክርለት በአነስተኛ ኃይል ይሠራል፤ በቤት ውስጥም ስልኮቻችሁ በዋይፋይ ከእሱ ጋር ይገናኛሉ። የራውተር ዋይፋይ በ2.4 ጊጋ ኸርትዝ 0.1 ዋት ገደማ ነው። ረጅም ንግግር ሲኖራችሁ በቴሌግራም በዋይፋይ ደውሉ፤ አለዚያ በር ላይ ወጥታችሁ ስፒከር ወይም ኢርፎን ተጠቀሙ። ማታ ራውተሩን አጥፉት፤ ስልኩንም በአውሮፕላን ሁነታ አድርጉት።

የጠያቂው ምላሽ (ከአራት ቀን በኋላ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለሙያ ጠርቼ አስመርምሬያለሁ። ምጣዱ እየሠራ ሁለቱን ሽቦ በክላምፕ ሜትሩ በአንድነት ሲይዛቸው 2.9 አምፔር አነበበ። በፍሪጁ ሶኬት ውስጥ፣ የጣት ርዝመት እንኳ የሌላት ሰማያዊ ሽቦ ኒውትራሉን ከግራውንዱ ጋር አገናኝታ አገኘናት። ወደ ቆጣሪው መንገድ ላይ፣ በአጥሩ ማዕዘን ዘንድ፣ በእጅ ተጠምዝዞ በቴፕ የተጠቀለለ የኒውትራል መገናኛ ነበር። ቴፑ ጠቁሮ ደርቋል፤ ባለሙያው ሲነካው ተሰባብሮ ወደቀ፤ ከሥሩ ያለው ፕላስቲክ ቀልጦ ሽቦው አመድ ይመስል ነበር። ባለቤቴ ይህን ስታይ ልጁን አቅፋ ከግቢው ወጣች።

አሁን ምጣዱ ጠፍቷል፤ ጎረቤት ዘንድ እየጋገርን ነው። 2.9 አምፔሩ የተመለሰው ከአከራያችን ቤት በሚመጣው የውሃ ቧንቧ በኩል መሆኑን ባለሙያው በክላምፑ አሳየኝ። አሁን ምን ላሠራ?

መልስ 4 (የኤሌክትሪክ ባለሙያው፣ ከቃሊቲ)

እንኳን ልጃችሁን ጠበቀላችሁ። ያችን ሰማያዊ ሽቦ አስወጥተው ይጣሏት፤ በሌሎቹ ሶኬቶችም አለመኖሯን አንድ በአንድ ያስፈትሹ። ከቆጣሪው እስከ ቤታችሁ መሐሉ ላይ መገናኛ የሌለው አንድ ወጥ ገመድ ያስዘርጉ፤ ለ60 ሜትርና ለምጣድ ከ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ያላነሰ መዳብ ይሁን። ፌዙና ኒውትራሉ በአንድ ገመድ ውስጥ መሆናቸው ግዴታ ነው።

ከኮንቴይነሩ አጠገብ የግራውንድ ዘንግ ይቅበሩ። የእናንተ አካባቢ አፈር መረሬ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) ነው፤ በክረምት እርጥብ ስለሚሆን ከረንትን በደንብ ያስተላልፋል፤ በበጋ ግን ተሰነጣጥቆ ከዘንጉ ይሸሻል። ስለዚህ ቢቻል ሁለት ሜትር ያህል በጥልቀት ይግባ፤ የልብስና የዕቃ እጣቢ በሚፈስበት ቦታ ቢሆንም ይመረጣል። ከዘንጉ የሚመጣውን ሽቦ በኮንቴይነሩ አካል ላይ ለማሰር፣ ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ብረት መታየት አለበት፤ በቀለም ላይ የታሰረ ብሎን እንዳልታሰረ ይቆጠራል።

ዘንጉ ብቻውን አያድናችሁም። ዘንጉ ከአፈሩ ጋር ያለው ሬዚስታንስ (ለከረንት ያለው ተቃውሞ) 20 ኦም ቢሆን፣ ፌዝ ብረቱን ሲነካ የሚፈሰው 11 አምፔር ብቻ ስለሆነ፣ 20 አምፔሩ ብሬከር አይወርድም፤ ብረቱም ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቆያል። ስለዚህ አርሲዲ የሚባለው፣ በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚቆርጠው ብሬከር ከቆጣሪው አጠገብ፣ በመስመሩ መነሻ ላይ መግባት አለበት። ደግሞም አርሲዲ ማንም ኒውትራሉን ከብረቱ ጋር ዳግም ቢያገናኘው ወዲያው ስለሚወርድ፣ ያ የማግኔት መስክ ተመልሶ እንዳይመጣ ዘብ ይቆምላችኋል። በላዩ ያለችውን መሞከሪያ ቁልፍ በየወሩ ይጫኗት።

የብየዳ ቤቱን ሁለት ሽቦዎች በአንድ ገመድ ቀይረው፣ ከኮንቴይነሩ ጀርባ በአጥሩ ሥር እንዲያሳልፉት አከራዩንና ጎረቤታችሁን በአንድነት ያነጋግሩ። ለእነሱም ከእሳት የሚጠብቅ ስለሆነ እሺ ይሉዎታል ብዬ አምናለሁ።

መልስ 5 (የሁለት ልጆች እናት፣ ከሰበታ)

ባለቤትዎ፣ እኅቴ፣ ልጁን አዝላ እንጀራ የምትጋግር ከሆነ፣ ምጣዱ በበራበት ሰዓት ለሌላ ሰው ታሲዘው፤ ሰው ከሌለም በአልጋው ላይ ታስተኛው። ምጣዱ ብዙ ከረንት ስለሚወስድ በአጠገቡ ያለው መስክ ከፍ ይላል፤ ከመስኩም በፊት ግን እንፋሎቱና ትኩሱ ምጣድ ለታዘለ ልጅ አደጋ ናቸው። አልጋውንም ገመዱ ከሚገባበት ጫፍ ወደ ሌላኛው ጫፍ አዙሩት። እኛ ያዞርነው በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የከበደን ቁም ሣጥኑ ብቻ ነበር።

የጠያቂው ምላሽ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ሥራው ትናንት ተጠናቋል። አዲሱ ገመድ ገብቷል፤ ዘንጉ ተቀብሯል፤ አርሲዲውም ሠርቷል። ባለሙያው ምጣዱን አብርቶ ሁለቱን ሽቦ በክላምፑ ሲይዛቸው 0.00 አነበበ። በባዶ እግሬ እርጥብ መሬት ላይ ልቆም ስል ከለከለኝና፣ በቮልት ሜትር በበሩ እጀታና በአፈሩ መካከል ለካው፤ ምንም አልነበረም። መምህሩ ለሰጡኝ ምክር አመሰግናለሁ፤ ስታብላይዘሩና ፍሪጁ አሁን በበሩ በኩል ናቸው፤ አልጋው በሌላኛው ጫፍ ነው። ራውተሩ በመስኮቱ ላይ ነው፤ በአልጋው ላይ አንድ መስመር ብቻ የነበረው የስልኬ ሲግናል አሁን በዋይፋይ ሙሉ ነው። የብየዳ ቤቱ ባለቤት የሽቦውን ዋጋ ለመካፈል ተስማምቷል፤ የፊታችን ቅዳሜ ይዘረጋል። ባለቤቴ ዛሬ ጠዋት በራሳችን ምጣድ ጋግራለች።