ለአባቴ ቮልስዋገን የትከሻ ቀበቶ እንዴት ላስገጥም?

ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ1963 የተሠራችውን የአባቴን ቮልስዋገን ቢትል አዲስ አበባ ውስጥ በየቀኑ እነዳታለሁ። አንድም ቀበቶ የላትም። ባለፈው ሳምንት ድንገት ፍሬን ስይዝ ባለቤቴ ግንባሯ ከመስታወቱ ጋር ተጋጨ፤ እብጠቱ ገና አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ሁለት ባለሦስት ነጥብ ቀበቶዎች (በሦስት ቦታ ታስረው ወገብንም ትከሻንም የሚይዙ) ገዝቻለሁ። የወለሉ ማሰሪያ አያስቸግርም፤ ያቃተኝ የላይኛው ነው። ከበሩ ኋላ ያለው ምሰሶ ጥርስ ያለው ቀዳዳ የለውም፤ በጣት ሲመታ እንደ ባዶ ጣሳ ይጮኻል። አንድ መካኒክ «በስቼ በብሎን አስረዋለሁ» አለኝ። ስስ ላሜራ በግጭት ጊዜ ተቀድዶ ብሎኑን እንደሚለቅ ስለማውቅ እምቢ አልኩ። ከመቀመጫው ኋላ ከወለሉ ስቦ ማሰርም አልፈልግም፤ ማሰሪያው ከትከሻ በታች ከሆነ ቀበቶው አከርካሪን ወደ ታች ይጫናል።

የቀበቶው ብሎን 7/16 ኢንች፣ በኢንች 20 ጥርስ ነው። ዳዶ የተበየደበት ወፍራም ብረት ከምሰሶው ውስጥ መግባት እንዳለበት ይገባኛል። ይህን የሠራችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፦ ምሰሶውን በየት በኩል ከፈታችሁት? የብረቱ ውፍረት ስንት ነበር? አባቴ በእጁ የሰፋው የጣሪያ ጨርቅ በብየዳው እንዳይቃጠልስ ምን አደረጋችሁ?