ሌላ ሰው የሚያርፍበትን ቤት አንድ ሰው ሲይዝ እንዴት ትቀበላላችሁ? (ሐዋሳ)

የሐይቅ ዳር አከራይ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ ዕቃው የተሟላ ባለ ሁለት መኝታ ቤት በቀን ሒሳብ አከራያለሁ። ጥያቄዬ አንዱ ከፍሎ ሌላው የሚያርፍበትን ሁኔታ ይመለከታል።

እንደምታውቁት ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ንግሥ ሲደርስ በከተማችን ባዶ አልጋ ማግኘት ያስቸግራል። ባለፈው ሐምሌ ውጭ አገር የምትኖር አንዲት ሴት አስቀድማ ቤቱን ለሦስት ሌሊት በኢንተርኔት ያዘች። «የሚያርፉት ለመሳለም የሚመጡት እናቴና አክስቴ ናቸው» ብላ ስለጻፈችልኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ፤ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል እንዳያንሸራትታቸው ብዬም የጎማ ምንጣፍ ገዝቼ አነጠፍኩ። በቀጠሮው ቀን ግን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስድስት ወጣቶች መጡ። እናትየው ታመው እንደቀሩና ቤቱ «ለዘመድ ልጆች ይሁን» እንደተባለ ነገሩኝ። በዚያ ሰዓት ሌላ ማረፊያ እንደማያገኙ ስለማውቅ ቁልፉን ሰጠኋቸው። ከወጡ በኋላ የሳሎኑ ምንጣፍ መካከል ላይ የከሰል ፍም ወድቆበት የስኒ አፍ የሚያህል ቀዳዳ ተቃጥሎ፣ በላዩ ላይም ትራስ ተቀምጦበት አገኘሁት።

ከፋይዋን ስጠይቃት «እኔ ቤቱን በዓይኔም አላየሁት፤ ያረፉትን ጠይቂ» አለችኝ። ወጣቶቹ ደግሞ ከእኔ ጋር ምንም ውል እንደሌላቸው ነገሩኝ። ቤቱ ለተያዘበት ድረ ገጽ ያቀረብኩት የካሳ ጥያቄም ቤቱን የያዘችው ሴት ስላላረፈችበት ተቀባይነት አላገኘም። አሁን ታኅሣሥ እየቀረበ ነው፤ ቤቱን አስቀድመው ከያዙት አራት ሰዎች ሦስቱ የያዙት ለወላጅ ወይም ለዘመድ ነው። ሁሉንም ልመልሳቸው ወይስ የምትከተሉት አሠራር አለ?

ታቦር ሥር፦

እህታችን፣ ስለ ደረሰብዎት ጉዳት አዝኛለሁ። በቅድሚያ ቤቱ በየትኛው የማረፊያ መያዣ ድረ ገጽ በኩል እንደተያዘ ይለዩ፤ ደንቦቻቸው የተለያዩ ናቸውና። ኤርቢኤንቢ ለግል ጉዞ የሚያዝን ቤት የያዘው ሰው ራሱ እንዲያርፍበት ይጠይቃል፤ ለወዳጅ ወይም ለዘመድ መያዝ በመሠረቱ አይፈቀድም። መሥሪያ ቤት ለሠራተኛው የሥራ ጉዞ የሚይዝበት አሠራር ግን ለብቻው አለው። ቡኪንግ ዶት ኮም በአንጻሩ፣ የሚይዘው ሰው ለሌላ እንደሆነ ገልጾ የእንግዳውን ስም እንዲሞላ ያደርጋል።

በኤርቢኤንቢ የመጣ ካለ፣ የሚያርፈው ሰው በራሱ መለያ (አካውንት) እንዲይዝ እዚያው ባለው የመልእክት ሳጥን ይጻፉለት። ነገሩ ካልተስተካከለ ራስዎ ከመሰረዝዎ በፊት ድጋፍ ሰጪ ክፍሉን ያነጋግሩ፤ አከራይ በራሱ ሲሰርዝ ቅጣት ሊከተለው ይችላል። በቴሌግራም የተባለውንም ቢሆን ጠቅለል አድርገው በመልእክት ሳጥኑ ይድገሙት፤ ክርክር ሲነሣ የሚታየው እዚያ የተጻፈው ነው። የጉዳት ካሳ የሚጠየቀው እንግዳው በወጣ በ14 ቀን ውስጥ መሆኑንም አይርሱ።

የአዳማ እንግዳ ማረፊያ፦

ከላይ የተጻፈው ደንብ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ሁሉንም መመለስን አልደግፍም። በእኛ አገር ብዙ ወላጅ ውጭ አገር የሚከፍል ካርድም ሆነ በስሙ የተከፈተ መለያ የለውም፤ ያለው ውጭ ያለው ልጁ ነው። ልጅ ለእናቱ ማረፊያ መያዙ መልካም ነገር ስለሆነ እንዲህ ያለውን እንግዳ በሩ ላይ መመለስ ይከብደኛል። ሆኖም ቁልፍ ሲቀበል ለቤቱ ኃላፊነት የሚወስድ፣ በስም የሚታወቅ ሰው ሊኖር ይገባል።

እዚህ አዳማ ሥልጠናና ስብሰባ ስለሚበዛ አብዛኞቹን እንግዶቼን የሚልክልኝ መሥሪያ ቤት ነው፤ ከፋዩ አዲስ አበባ፣ የሚያድረው እዚህ ነው። ስለዚህ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከስም ዝርዝር ጋር ሳይደርሰኝ ቤት አልይዝም። ደብዳቤው ላይ ለጉዳት የሚከፍለው መሥሪያ ቤቱ ይሁን ሠልጣኙ በግልጽ እንዲጻፍ አደርጋለሁ። አንድ ጊዜ በዝርዝሩ ያለው ሰው ቀርቶ ባልደረባው መጣ፤ ላኪው ክፍል ደውዬ አዲሱን ስም በጽሑፍ እስኪልኩልኝ ድረስ እንግዳውን በረንዳ ላይ ቡና እያጠጣሁ አቆየሁት። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፤ እሱም አልተቀየመኝም።

ቁልፍ ከመስጠቴ በፊት የሚያርፈውን ሰው መታወቂያ አይቼ ስሙን እመዘግባለሁ፤ ቤቱንም ክፍል በክፍል አብረን እየዞርን በስልኬ ቪዲዮ እቀርጻለሁ። መያዣ የምቀበለው ከሚያርፈው ሰው በቴሌብር ነው፤ ሲወጣም አብረን አይተን በዚያው ሰዓት እመልስለታለሁ። መያዣው በከፋዩ ገንዘብ ከሆነ የሚያርፈው ሰው ለዕቃው ያን ያህል አይጨነቅም፤ ይህን ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ታቦር ሥር፦

መያዣውን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ይህ በቀጥታ ለሚመጣ እንግዳ ጥሩ አሠራር ነው፤ በኤርቢኤንቢ ከመጣ እንግዳ ግን ከድርጅቱ ውጭ መያዣ መቀበል አይፈቀድም።

ፒያሳ ሐዋሳ፦

እባካችሁ ደላላውንም አትርሱ። እኔን የገጠመኝ ቤቱን በራሱ ስም ይዞ፣ ዋጋ ጨምሮ ለሌላ የሰጠ ደላላ ነው። እንግዶቹ ቁርስ እንዳለው ተነግሯቸው መጥተው በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሲጠብቁኝ በጣም አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ራሱን በስልክ አነጋግሬ ስንት እንደከፈለና ምን እንደተባለ እጠይቃለሁ። ደላላው የእንግዳውን ስልክ አልሰጥም ካለ ቤቱን አልሰጠውም።

የሐይቅ ዳር አከራይ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከሦስቱ አንዱ በኤርቢኤንቢ የመጣ ስለሆነ ሳልዘገይ ዛሬውኑ ጻፍኩለት፤ ያርፋሉ የተባሉት ወንድሙ በራሳቸው መለያ እንደገና እንዲይዙ ተስማምቷል። በስልክ ለያዙት ለሁለቱ ደግሞ የሚከተለውን ልኬአለሁ፦ «የሚያርፉትን ሰዎች ሙሉ ስምና የአንዳቸውን ስልክ ይላኩልኝ። ከተላከው ስም ውጭ የሚመጣ ሰው ካለ ከመንገድ በፊት ያሳውቁኝ፤ ካልተነገረኝ ቁልፍ ለመስጠት እቸገራለሁ። በቤቱ ላይ ለሚደርስ ጉዳት እርስዎም ኃላፊነት እንደሚወስዱ በጽሑፍ ይመልሱልኝ።»

አንደኛዋ ወዲያው መለሰችልኝ። የሁለተኛው አባት ግን ስሙ እስኪላክ አልጠበቁም፤ ራሳቸው ደውለው ከቤቱ እስከ ገብርኤል በእግር ይኬድ እንደሆነ ጠየቁኝ። ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ሲነግሩኝ ባጃጅ በሩ ድረስ እንደምጠራላቸው ነገርኳቸው፤ ስማቸውንም ያን ጊዜ መዘገብኩ።